የጓያ እንፋሎት

ወንድሜ በሁለት ዱላ ተደግፎ፣ አባቴ ከኋላ መታጠቂያውን ይዞት፣ ከአውቶቡስ ተራ እስከ ልደታ በእግራቸው መጡ። መንገዱ ለጤነኛ ሰው ምንም አይደለም። እነሱ ግን ረፋድ ላይ ተነሥተው እኔ ከሥራ ከገባሁ በኋላ ነው የደረሱት። ታክሲ ይዘው ነበር አሉ። የወንድሜ ጉልበት አልታጠፍ ብሎ በሩ አልዘጋ ሲል ሹፌሩ፣ "አባት፣ ሰው ነው ወይስ ሳንቃ የጫኑብኝ?" ብሎ አወረዳቸው።

እኔ ያን ጊዜ አዲስ አበባ፣ ከልደታ ማርያም ጀርባ፣ ከአንዲት ባልቴት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። አገሬ ደምቢያ ነው፤ ከጎንደር በታች፣ ጣና ዳር ያለው ሜዳ። ለትምህርት ብዬ ከወጣሁ ወዲህ ለዓመት በዓል እንኳ የምገባው ከስንት አንዴ ነበር። መንገዱ ሩቅ ነው፤ በዚያ ላይ ሰው ከቀዬው ለመንቀሳቀስ ወረቀት የሚጠየቅበት ዘመን። በሬ ላይ ቆመው ሳያቸው መጀመሪያ ያየሁት የአባቴን ፊት አይደለም፣ የወንድሜን እግር ነው። ጉልበቶቹ ተጣብቀው፣ እግሮቹ እንደ መቀስ እየተጠላለፉ፣ ተረከዙ መሬት ሳይነካ በጣቶቹ ጫፍ ነበር የሚረግጠው። የአገሩ ልጅ ስለሆንኩ ሰው እንዲነግረኝ አላስፈለገኝም።

"ጓያ ነው?" አልኩ።

"ጓያ ነው" አለ አባቴ። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ፣ "እናትሽ ናት" አለ። "ድስቱን ሳትከድን ትታው፣ ልጁ ከእርሻ ሲገባ እንፋሎቱ መታው።"

ይህን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አለብኝ። ጓያ እንደ አተር ያለ ጥራጥሬ ነው። ዝናብ ሲከዳ፣ ሌላው እህል ሁሉ ሲደርቅ፣ እሱ በመሬቱ እርጥበት ብቻ ይበቅላል። ክፉ ቀን የሚያሳልፈው እሱ ነው። ሰው እንደሚሰብርም በእኛ አገር ያልሰማ የለም፤ ትናንት ሲያርስ የዋለ ጎልማሳ ጠዋት ሲነሣ እግሩ አልታዘዝ ይለዋል። ግን የሚሰብረው ሲበሉት ነው የሚል ሰው፣ እዚያ ሳለሁ አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። የሚሰብረው እንፋሎቱ ነው ይባላል። ስለዚህ ጓያ ሲቀቀል ወንዶች ከቤት ይወጣሉ፤ የድስቱ ክዳን ዙሪያውን በሊጥ ይታሸጋል፤ ገለባው ላይ ማንም አይተኛም፤ ፀሐይ ሲከር በማሳው መካከል አይታለፍም። ሰው ሁሉ ከእንፋሎቱ ይሸሻል። ሸሽቶ ሲያበቃ ተመልሶ ገብቶ ጓያውን ይበላል።

"ታናሹስ?" አልኩ። ከእኔ በታች ያሉት ሁለት ወንዶች ናቸው። ይህ የታመመው ተከታዬ ነው፤ ሌላው የቤቱ መጨረሻ።

"ታናሹ ደህና ነው። አሁን የሚያርሰው እሱ ነው። አትስጊ፤ ድስቱን እኔው ራሴ ነኝ የምከድነው።"

"ምንድን ነው የምትበሉት?"

"ጓያ ነዋ" አለ አባቴ፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል ዓይን እያየኝ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ጉዳዬ አንድ ብቻ ሆነ። የተከታዬን እግር የሚመልስለት እንደሌለ አውቄዋለሁ። ታናሹ ግን ገና በሁለት እግሩ ቆሟል። አባቴ አገሩ ከመግባቱ በፊት፣ የሚሰብረው እንፋሎቱ ሳይሆን መብሉ መሆኑን ካላሳመንኩት የታናሹም ተራ መድረሱ አይቀርም።

እንዴት እንዳወቅሁ ልናገር። የሕክምና ተማሪዎች በሚማሩበት ቤት የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበርኩ። በማይክሮስኮፕ የሚያዩትን የማዘጋጅላቸው እኔ ነኝ። ከቄራ የሚመጣልንን የበሬ አካል ፎርማሊን ውስጥ አቆየዋለሁ፣ በአልኮል ውሃውን አወጣለታለሁ፣ ሰም ውስጥ እቀብረዋለሁ። ከዚያ ከሽንኩርት ልጣጭ አሳስቼ በመቁረጫው ማሽን እከትፈውና ስላይድ በሚባለው ቀጭን መስተዋት ላይ አንጥፌ ቀለም አጠጣዋለሁ። በዚያ ሰሞን ተማሪዎቹ የደረሱት ነርቭ ላይ ስለነበር የምቆርጠው ህብለሰረሰር ነበር፤ በአከርካሪ አጥንት ውስጥ የሚወርደው ነጭ ገመድ። የጓያው መርዝ በመብል ገብቶ ነርቭን እንደሚገድል የሰማሁትም በዚያው ሰሞን፣ አስተማሪው ሲያስረዳቸው ነው። ገመዱ አግድም ሲቆረጥ መሀሉ ላይ ክንፏን የዘረጋች ቢራቢሮ ትታያለች። በክንፎቿ ውስጥ ትልልቆቹ የነርቭ ሴሎች አሉ፤ ቀለም ሲጠጡ ሆዳቸው እንደ ነብር ቆዳ ይዥጎረጎራል፣ ዙሪያቸውን ሥር ያወጣሉ። በአጠገባቸው ደግሞ ጥቃቅን ሴሎች ይታያሉ። እነዚህ መልእክት አይወስዱም፤ ትልልቆቹን ይመግባሉ፣ ይደግፋሉ፣ ከእነሱ የሚወጣውን ክር በስብ ይጠቀልላሉ። ጸሎቴን ሳላደርስ ማሽኑን አልነካም ነበር። የእግዚአብሔርን ሥራ እንዲህ ከትፎ መመልከት ድፍረት ይመስለኛል።

አከራዬ ይህን ሥራዬን ወደውልኝ አያውቁም። "አንቺ ልጅ" ይሉኛል፣ "ሁዳዴን ይዘሽ የበሬ ሰረሰር ስትከትፊ ትውይና ማታ ሽሮ ትበያለሽ። ሰይጣን ራሱ ጾመኛ ትሁን ፈሳኪ ግራ ገብቶታል።"

በመጡ ማግሥት ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። የተረኛው ሐኪም ገና ወጣት ነበር። የወንድሜን ጉልበት በላስቲክ መዶሻ መታ ሲያደርገው እግሩ እንደ በቅሎ ተወራጨ። አባቴ፣ "ተመስገን" አለ። በመርፌ ጫፍ ነካ ሲያደርገው ወንድሜ ጥርሱን ነክሶ፣ "ምነው ጌታዬ" አለ። አባቴ ዳግመኛ፣ "ተመስገን" አለ። ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ እየጻፈ፣ "አይብስበትም፣ አይድንለትምም። ጓያ ያቁም" አለና ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ። ለዚህ ነው ሁለት ቀን አውቶቡስ ላይ የተንገላቱት። ተጨማሪ ቃል እንዲናገር ብዬ ደጁ ላይ ብቆም ዘበኛው ገለል አደረገኝ።

"ጓያ ያቁም አለ እንጂ ስለ እንፋሎቱ ትንፍሽ አላለም" አለ አባቴ ስንወጣ። "ጢም ያላወጣ ልጅ ምን ያውቃል።"

"አባቴ፣ ሐኪም በጢም ነው እንዴ የሚመረጥ?" አለ ወንድሜ። "ጢም ለቄስ ነው።"

"አንተ ዝም በል። እግርህ ተያዘ እንጂ አፍህስ ደህና ነው።"

ቤት ስንገባ ልሞክር ብዬ ተነሣሁ። አባቴን አልጋዬ ላይ አስቀመጥኩት፤ ወንድሜ ምንጣፉ ላይ ተጋደመ። ከስፌት ሣጥኔ የክር ድውር አወጣሁ።

"የሰው ገላ ከጥቃቅን ነገር ነው የተሠራው፤ ሴል ይባላል" ብዬ ጀመርኩ።

"ከአፈር ነው የተሠራው።"

"ከአፈር ነው። አፈሩ እንዲህ ሆኖ ነው የተዘጋጀው።"

"እሺ።"

የክሩን ጫፍ በወንድሜ አናት ላይ ያዝኩና እስከ ወገቡ ዘረጋሁት። "ይኸውልዎ፣ አናት ውስጥ ያለ አንድ ሴል ክሩን እስከዚህ ይሰደዋል፤ ሳይቋጠር፣ ሳይቀጠል። እዚህ ወገብ ላይ ያለው ሌላው ሴል ተቀብሎ በራሱ ክር እስከ እግር ያደርሳል። ተራመድ የሚለው ትእዛዝ የሚወርደው በዚህ ነው። ጓያ ሲበሉት ውስጡ ያለው መርዝ የላይኛውን ሴል ይገድለዋል። ሴሉ ሲሞት ክሩ ይደርቃል። የታችኛው አልሞተም፤ አዛዥ አጥቶ ነው እግሩን እንዲህ ወጥሮ የያዘው።"

አባቴ ክሩን ከእጄ ወስዶ ሳብ ሳብ አደረገው። "ክር ሲበጠስ ይቀጠላል።"

"ይሄ አይቀጠልም።"

"ቆዳ ሲቆረጥ ይገጥማል። አጥንት ሲሰበር ወጌሻ ያስረዋል፣ ይገጥማል። ይሄ ምን ሆኖ ነው የማይገጥም? እግዜር እዚህ ላይ ሲደርስ ደክሞት ነበር?"

"አባቴ፣ እንዲህ አይባልም።"

"እንዲህ የምትይው አንቺ ነሽ እኮ።"

ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሳቀ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። ያማተብኩት ለአባቴ ይሁን ለራሴ እንጃ።

"ደግሞ ሲወጉት ያመዋል" አለ አባቴ። "የሞተ ነገር ያመዋል?"

"ሕመሙን ወደ ላይ የሚያደርሰው ክር ሌላ ነው። እሱን ጓያ አይነካውም።"

"አሁን ደግሞ ሁለት ክር ሆነ።"

"ድሮም ሁለት ነው።"

"እሺ ይሁን። እንፋሎቱስ በአፍንጫው ገብቶ ያንን የአናቱን ሊበላው አይችልም? አፍንጫ ለአናት ከሆድ ይልቅ ይቀርባል።"

"እንፋሎቱ ውስጥ መርዙ የለም።"

"ማን አየ?"

"የተመራመሩ ሰዎች።"

"ደምቢያ መጥተው?"

"አላውቅም" አልኩ። ውሸት አልናገርም ብዬ እንጂ፣ አዎን ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አባቴ ክሩን በሥርዓት ጠቅልሎ መለሰልኝ። በሩ ላይ ቆመው ያዳምጡ የነበሩት አከራዬ፣ "እኔ መቼም እርስዎን ነው የማምነው፣ አባት" አሉና ሄዱ።

በዓይኑ ቢያይ ይሻላል ብዬ የላቦራቶሪያችንን አስተማሪ ለመንኩት። ሰውየው መልካም ነው፤ ትዕግሥቱ ግን አጭር። "አባትሽ ለምን ማየት ፈለጉ?" አለኝ። "እሳቸው አልፈለጉም፣ ዶክተር። የፈለግሁት እኔ ነኝ" አልኩት። ተማሪዎች በማይገቡበት ሰዓት አምጫቸው አለኝ።

አባቴ የላቦራቶሪው ደጃፍ ላይ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ።

"ጫማ አይወልቅም እዚህ" አልኩት።

"የእግዜር ሥራ ነው ያለ፣ ሳልጸልይ አልገባም ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?"

በባዶ እግሩ በቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ ገባ። አስተማሪው አየና ማይክሮስኮፑን ወደ እሱ አቀረበለት። አባቴ መጀመሪያ የገዛ ሽፋሽፍቱን ብቻ ነበር የሚያየው፤ ቆይቶ ቆይቶ ዓይኑ ለመደለት። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ቀና አላለም። እጆቹን ከጀርባው አጣምሮ ነበር፤ ቅዳሴ ሲያስቀድስ የሚቆመውን አቋቋም።

"ነብር ይመስላል" አለ። "ሥርም አለው።"

"ያ ነው ሴሉ። ከወገብ ወደ እግር የሚሰደው።"

"ዙሪያውን ያለው ፍርፍርስ?"

"ደጋፊዎቹ ናቸው።"

"የሚያምር ነገር ነው።" ልቤ መለስ አለ። በመጨረሻ የተግባባን መሰለኝ። ቀና ብሎ፣ "የማን ነው?" አለኝ።

"የበሬ ነው።"

አባቴ እንደገና አየው። "በሬ የጓያ ገለባ ይበላል" አለ ቀስ ብሎ። "በበጋው ሌላ ምን አለው? እሱን በልቶ ሲያርስ ይውላል። ምነው የእሱ አልሞተ?"

ወደ አስተማሪው ዞርኩ። አስተማሪው መነጽሩን አወለቀ። "የሚያመሰኳ እንስሳ ሆዱ ሌላ ነው፣ አባባ። ምናልባት መርዙን ሆዱ ውስጥ ያከሽፈው ይሆናል። በእርግጠኝነት አናውቅም።"

አባቴ ከዚህ ሁሉ የሰማው የመጨረሻዋን ቃል ነው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ በአዘኔታ፣ "እሱም አያውቅም" አለኝ።

አባቴ ወጥቶ ጫማውን ሲያጠልቅ አስተማሪውን፣ "ጓያ የሰበረው ሰው ስላይድ የለንም? የደረቀው ክር የሚታይበት?" ብዬ ጠየቅሁት።

"ከየት ይመጣል? እንዲህ ያለው ሰው ሲሞት ማን አምጥቶ ይሰጠናል? አንቺ ወንድምሽን ትሰጫለሽ?"

አልሰጥም ነበር። ሰው ሲሞት ተገንዞ፣ ፍትሐት ተደርጎለት፣ ሙሉ ገላውን ነው አፈር የሚገባው። አባቴ እንዲያይ የምፈልገው ማስረጃ ሁሉ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተቀብሯል፤ ይውጣ ቢሉም ከሁሉ ቀድሜ የምቃወመው እኔ ነኝ። በራሴም በአስተማሪውም በበሬውም ተናድጄ ነው ወደ ቤት የተመለስኩት።

እሑድ ሦስታችንም ልደታ ማርያም አስቀደስን። ወንድሜን ጠበል ካስጠመቅነው በኋላ አባቴና እኔ ከዋርካው ሥር ተቀመጥን፤ ወንድሜ ርቆ ፀሐይ ይሞቃል። አባቴ መሬቱን በዱላው ይጭር ነበር።

"አንቺ እንደምትይው ከሆነ" አለ፣ "ልጄን የሰበርኩት እኔ ነኝ።"

"እንዲህ አላልኩም።"

"አላልሽም። ግን ስሚኝ። ዝናቡ ሲቀር ጓያ ይዘራ ያልኩ እኔ። ማዕድ ሲቀርብ የሚያርሱት ይብሉ ብዬ ለወንዶቹ አብዝቼ የምቆርስ እኔ። እናትሽ የተረፈውን ነው የምትቀምስ፤ እሷ ይኸው ቆማ ትሄዳለች። በመብሉ ከሆነ ሌላ ማን ሊሆን ነው?"

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ያን ሁሉ ቀን ስለ ሴልና ስለ ክር ስንከራከር የቆየን መስሎኝ ነበር። እንፋሎቱ ከቀረ እናቴ ነፃ ትወጣለች፤ በእሷ ቦታ የሚቆመው እሱ ነው። ላጽናናው ፈለግሁ፤ እናቴን ያለ ጥፋቷ ሲከስ መክረሙ ደግሞ ቆረቆረኝ።

"አላወቃችሁም" አልኩ በመጨረሻ። "ከአሁን ወዲያ ግን ታናሹ አይብላ።"

"ምን ይብላ?"

"ከዚህ እህል ልላክ።"

"ኬላ ላይ ይወስዱታል። ሰው ስንቁን እንኳ አላሳልፍ ብለውት በዓይኔ አይቻለሁ።"

"እንግዲያው ልጁን ወደዚህ ይላኩልኝ።"

አባቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እዚህ? ለቀበሌው እንግዳ ብለሽ ስታስመዘግቢን ያ ጓድ ወንድምሽን እንዴት እንዳየው አላየሽም? ዱላውን እስኪያይ ድረስ ዓይኑን ከትከሻው አልነቀለም። ታናሹን አምጥቼ ለዘመቻ ላስረክብ?" ርቆ ወደተቀመጠው ልጁ ተመለከተ። "ይሄኛውን እንኳ ከእንግዲህ ማንም አይወስድብኝም።"

ስለ ሴሉ ያወቅሁት ሁሉ ልክ ነው፤ ልክ መሆኑ ግን አንዲት ቁና ገብስ አይሆንም። ሰኞ ጠዋት ሰሙን ሳቀልጥ እጄን አቃጠልኩ። አስተማሪው እጄን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሮ ይዞልኝ ሳለ፣ ያው ንዴቴ ላይ ስለነበርኩ፣ "ዶክተር፣ መተው ካልቻሉስ? የግድ መብላት ያለባቸው ሰዎች ምን ያድርጉ?" አልኩት።

"ይዘፍዝፉታ" አለኝ፣ ማንም የሚያውቀው ነገር ይመስል። "ፈላ ባለ ውሃ ይዘፍዝፉትና ውሃውን ይድፉት። ሲቀቅሉትም የመቀቀያውን ውሃ ይድፉት። መርዙ በውሃ ይሟሟል። ሁሉም አይወጣም፤ ግን ይቀንሳል። ሌላ እህል ካለ፣ ገብስም ይሁን ማሽላ፣ ይደባልቁበት።"

"ይህን ለምን ቀድመው አልነገሩኝም?"

"አልጠየቅሽኝማ። አንቺ የጠየቅሽኝ ስላይድ ነው።"

እጄ እስኪድን ድረስ በተናደድኩ ቁጥር ይቆጠቁጠኝ ነበር።

አባቴ ወደ አገሩ የሚመለስበት ቀን ደረሰ። ወንድሜ ጠበሉን እንዲከታተል ከእኔ ጋር እንዲቀር ተስማምተናል። አባቴ በግቢው በር ላይ ቆሞ ጋቢውን ሲያስተካክል ያሰብኩትን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። ስለ ሴል አላነሣሁም። ይዘፍዘፍ፣ ውሃው ይደፋ፣ ሲቀቀልም ይደፋ፣ በተገኘው እህል ይደባለቅ አልኩት።

አባቴ አሰበ።

"ውሃው ይደፋ" አለ።

"ይደፋ።"

"ልክ ነው" አለ። ፊቱ ፈካ። "እንፋሎት ከምን ይወጣል? ከውሃው ነዋ። ውሃው ከተደፋ እንፋሎቱም አብሮ ተደፋ ማለት ነው። ይሄን ነበር መጀመሪያ መናገር፣ ልጄ። ክር ክር ስትይኝ ከረምሽ።"

"አባቴ፣ የሚሰብረው እንፋሎቱ አይደ—"

ወንድሜ ከኋላዬ በዱላው ጫፍ ቁርጭምጭሚቴን ነካ አደረገኝ። "እቴ፣ ተይ" አለ በዝግታ።

አባቴ ይጠብቃል። በሰላሳ ዓመት ዕድሜዬ አውቄ ሐሰት ተናግሬ አላውቅም፣ ሐሰት ሲነገርም ሰምቼ ዝም አልልም ነበር። ታናሹ ወንድሜ በሬዎቹን ሲከተል ታየኝ። ዝም አልኩ። አከራዬ፣ "አየሽ፣ ድሮም እሳቸው ናቸው የሚያውቁት" አሉኝ። አባቴ ሁላችንን መርቆ ወደ አብነት ሰፈር በሚያወጣው መንገድ ሄደ።

በተከታዩ ዓመት፣ መኸሩ ከገባ በኋላ፣ ታናሹ ወንድሜ ከአገር መጣ። አባቴ፣ ሂድና ወንድምህን ጠይቀው ብሎ፣ ገበሬ ማኅበሩን ለምኖ፣ ለዘመቻ እንዳይያዝ ወረቀት አስጽፎለት ነው። ትከሻው ላይ ጆንያ አንጠልጥሎ ከአውቶቡስ ተራ በእግሩ ደረሰ። አቅፌ ስሜው ሳልጨርስ፣ "እስኪ እስከ ቧንቧው ድረስ ሂድና ተመለስ" አልኩት።

"ምን ላምጣ?"

"ምንም። ዝም ብለህ ሂድ።"

ሄደ፤ ተመለሰ። ተረከዙ መሬቱን ይነካል። ጉልበቶቹ አይተሻሹም። "ምንድን ነው የምታይው?" አለኝ። "ተረከዝህን" አልኩት። ተከታዬ በሩ አጠገብ ተቀምጦ፣ በእጅ በምትዘወር የስፌት መኪና የጎረቤት ልብስ እየጠገነ ነበር፤ እሱም ሥራውን አቁሞ አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ መስፋቱን ቀጠለ።

ራት ሳቀርብለት የአገሩን ወሬ ጠየቅሁት። ጓያ አሁንም ይበሉ እንደሆነ፣ ይዘፈዝፉት እንደሆነ።

"አገሩ ሁሉ ይዘፈዝፋል" አለ። "አባባ በየሰንበቴው አስተምሮ ጨርሷል። እንፋሎቱ ውሃው ውስጥ ተኝቶ ነው የሚቆይ፣ እሳት ሲነካው ነው የሚነሣ ይላል። አዲስ አበባ በመነጽር አይቼዋለሁ፣ ነብር ነው የሚመስል ይላል።"

ተከታዬ መርፌውን እስኪያስቀምጥ ድረስ ሳቀ።

"ስለ ሴሉ አላለም? ስለ ክሩ?" አልኩ።

"የምን ክር?"

ተውኩት። "እናታችንስ?"

"እማዬ ውሃ ስትቀዳ ነው የምትውል። ለመዘፍዘፊያ፣ ለማጠቢያ፣ ለመቀቀያ፤ ወንዙ ደግሞ ደርቆ ርቋል። የተደፋውንም ሰው እንዳይረግጠው ብላ ከአጥሩ ወዲያ ወስዳ ነው የምትደፋ።"

"አሁንማ አይቆጣትም፣ አይደል?"

"ስለ እኔ አይቆጣትም። የእሱ ነገር ሲነሣ ነው እንጂ" አለ፣ በአገጩ ወደ ወንድሙ እያመለከተ። "ያን ጊዜ ውሃውን ደፍተሽው ቢሆን ኖሮ ይላታል።"

"ያን ጊዜ ማን ነግሯት ነው የምትደፋው?" አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ስለነበር አከራዬ ከደጅ፣ "ምነው?" አሉ።

"እኔን ምን ትቆጪኛለሽ" አለ ታናሹ፣ እንጀራውን እየጠቀለለ።